ከመኪናው ስር ያወጣሁት ሙቀጫ

ባሌ መኪና ያመጣብኝ ከተጋባን ሁለት ዓመት ሳይሞላን ነው። የሌላው ሰው ባል ሴት ያመጣል፤ የኔው መኪና አመጣ።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምሠራው ግብርና መምሪያ መዝገብ ቤት ነው፤ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ። ትውልዴም እድገቴም ቦንጋ ነው፤ አያቴ ከመንዝ ከሹማምንት ጋር መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ባሌ ደረጀ ደግሞ የናዝሬት ልጅ ነው። ፊዚክስ እንዲያስተምር ተመድቦ መጣ፤ «አንድ ዓመት ሠርቼ እቀየራለሁ» እያለ ሲዝት እኔን አገባና ቀረ። ኢህአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ሞባይል የሚባል ነገር ወሬውም አልደረሰን፤ ባጃጅም ገና የቦንጋን ዳገት አላየም። ይህን የምላችሁ፣ ያኔ ሰው ሲጨንቀው ከገዛ ጉሮሮው በቀር የሚጣራበት ነገር እንዳልነበረው እንድታውቁልኝ ነው።

መኪናዋ የጣሊያን ስሪት፣ ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ ዝቅ ያለች የስፖርት መኪና ናት። በንጉሡ ጊዜ አንድ የቡና ነጋዴ ከአዲስ አበባ አምጥቷት፣ መንገዱ አላስኬድ ቢላት ግቢው ውስጥ አቁሟት ሞተ። ስንት ዓመት ዝናብ ሲወርድባት፣ ዶሮ ሲፈለፈልባት ኖረች። ወራሾቹ ግቢውን ቤት ሊሠሩበት ሲያስቡ ደረጀን «ካነሳሃት ውሰዳት» አሉት። በሁለት ጥማድ በሬ አስጎትቶ ጓሯችን አስገባት።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜና እሁድ ባል አልነበረኝም። ካቻቪቴው ከማንኪያዎቼ መሃል ይገኛል፤ ካርቡራተሩ በልብስ ማጠቢያ ሳፋዬ ውስጥ ናፍጣ ጠጥቶ ያድራል። ጎደለ የተባለ ዕቃ ሁሉ በሹፌሮች ከጅማ፣ ከጅማም ከጠፋ ከመርካቶ ይመጣል። እኔም «ጣውንቴ» የሚል ስም አወጣሁላት። ሰፈሩ ስሙን ወደደውና «ጣውንትሽ እንዴት አደረች?» እያለ ይስቅብኝ ጀመር። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ውስጤ ግን አይስቅም ነበር።

የጸባችን መጀመሪያ ሙቀጫ ነው። ደረጀ የነበረው መኪና ማንሻ፣ ክሪኩ ማለት ነው፣ አሮጌ ነበር። ያነሳል፤ ግን ዘይቱን እየተፋ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ስለዚህ የኋላ ጎማዎቿን ሲፈታ በቀኝ በኩል ጠፍጣፋ ድንጋይ ደራርቦ፣ በግራ በኩል ደግሞ የኔን የዋንዛ ሙቀጫ ገልብጦ አስደገፋት።

«የቤት ዕቃዬን መልስ» አልኩት።

«ከዚህ የተሻለ ድጋፍ ቦንጋ ውስጥ የለም። ፊዚክስ ነው።»

«ፊዚክስህ በርበሬ አይወቅጥልኝም።»

ሁለት ሳምንት ተነታረክን። ከዚያ መነታረኩም ሰለቸንና ተኮራረፍን። ስለ ወጡ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ጎረቤቱ እናወራለን፤ ሙቀጫ የሚባል ቃል ግን ከቤታችን ወጣ።

የእህቴ ልጅ ክርስትና ደርሶ በርበሬ የመውቀጡ ተራ የኔ ሆነ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደረጀ ፈተና ሊያርም ትምህርት ቤት እንደሄደ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። እሱ ሲያደርግ አይቼ ስለነበር ክሪኩን ከሙቀጫው አጠገብ አስገብቼ ደጋግሜ ገፋሁት። መኪናዋ ጥቂት ከፍ ስትል ሙቀጫዬን ጎትቼ አወጣሁና በምትኩ ከማገዶ ክምሩ የመረጥኩትን ወፍራም ግንድ አቆምኩ። ቀጥ ያለ፣ ልጡ ያልተነካ፣ የሚያምር ግንድ ነበር። ክሪኩን ስለቀው መኪናዋ ግንዱ ላይ ጸጥ ብላ ተቀመጠች። እንዴት እንደኮራሁ! «እኔም ሜካኒክ ነኝ» እያልኩ በርበሬዬን ስወቅጥ አመሸሁ።

ለደረጀ አልነገርኩትም። ልነግረው አስቤ ነበር፤ ግን መናገር ማለት ኩርፊያውን መቀስቀስ ነው። ግንድ ግንድ ነው ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ቅዳሜ ሰፈሩ ሁሉ ገበያ ወጥቷል። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደረጀ በፉጨት መጣና «ዛሬ የፍሬኑን አየር አውጥቼ ልጨርስ ነው፤ አሥር ደቂቃ አግዢኝ» አለኝ። ፍሬን ውስጥ አየር ሲገባ የሚወጣው በሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ከስር ቡሎኑን ፈታ መለስ ያደርጋል። እኔ መሪው ፊት ተቀመጥኩ። እሱ በጀርባው ተኝቶ ከኋላ ተንሸራቶ ገባ፤ ውጭ የቀሩት እግሮቹ ብቻ ነበሩ።

«ርገጪ!» ይላል ከስር።

«ረገጥኩ!»

«ያዢው... ያዢው... ልቀቂ!»

የቀኙ አለቀ። ወደ ግራ ዞረ። ሦስት ጊዜ ረገጥኩ። አራተኛው ላይ ከበስተኋላዬ ጭርርር የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ግንዱ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ልክ እንደዚህ በቃል አሰብኩት። አፌን ግን አልከፈትኩም። አሁንም ድረስ ሌሊት የሚያባንነኝ ያ ዝምታዬ ነው።

«ርገጪ!» አለ። ረገጥኩ።

ግንዱ ፈረሰ። መኪናዋ ከነኔ ወደ ግራ ወደቀች፤ ራሴ ከበሩ ጋር ተጋጨ። ከዚያ ፀጥ አለ፤ ወፍ እንኳ አይሰማም።

«ደረጀ?»

አንገቴን ወደ ኋላ አዞርኩ።

«ደረጀ!»

«እጅጉ...» ብሎ ስሜን ጠራ። የሱ ድምፅ አይደለም፤ ከጥርስ መሃል የሚወጣ የሽማግሌ ድምፅ ነው። «መጣሁ!» ብዬ በሩን ልከፍት ስል ከስሬ ጮኸ። «እንዳትነቃነቂ!»

ያኔ ገባኝ። የኋላው ብረት ደረቱ ላይ አርፏል። እኔ ደግሞ ያለሁት በወደቀው ጎን ነው። ባሌ ላይ ተቀምጫለሁ።

«በቀኝ... ውረጂ። ቀስ።»

አንዱን እጄን ከመሪው አነሳሁ። እግሬ መንቀጥቀጥ ጀምሮ አልቆም አለኝ፤ መኪናዋ መንቀጥቀጤን የምታስተላልፍበት መሰለኝና ጉልበቴን በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ። ከዚያ መቀመጫውን ተሻግሬ ስንፏቀቅ ቀሚሴ ማርሹን ያዘ። ሳብ ባደርገው መኪናዋ ተንቃቃች፤ ከስር ጥርስ ሲፋጭ ሰማሁ። ጨርቁን በጥርሴ ቀድጄ ለቀቅሁት። የቀኙን በር ስከፍት፣ እግሬን መሬት ሳሳርፍ፣ ክብደቴን ስለቅ፣ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ገደልኩት እያልኩ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ክብደቴን የረገምኩበት ጊዜ የለም።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። ያዳነው ጭቃው ነው፤ ጎማው የሚታሰርበት ብረት እርጥቡ መሬት ውስጥ ሰምጦ ቆሟል። የቀረው ክፍተት ለደረቱ ልክ ነው፤ ለትንፋሹ ግን አይበቃም። ክሪኩ ከጎኑ ተጨፍልቋል። ከራሱ በላይ የግንዱ ስባሪ ተበትኗል፤ ከልጡ በቀር ውስጡ እንዳለ ምስጥ የጨረሰው ዱቄት ነበር።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የቦንጋን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ አያስጠነቅቅም። የኩሽናው ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ «የሰው ያለህ!» ብዬ መጮሄን እኔ ራሴ አልሰማሁትም።

«እየወረደች... ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ጭቃው እየላላ ብረቱ አንድ ጣት ያህል ገብቷል። ኩሽና ሮጥኩ፤ የወፍጮውን መጅ ይዤ ስዞር ሙቀጫዬ ግማሽ የተወቀጠ በርበሬ ይዞ ቆሟል። ተመልሼ መጁን ከሻንሲው፣ ከወለሏ ብረት ስር ሸጎጥኩ፤ ያገኘሁትን ድንጋይ ሁሉ ጠቀጠቅሁ። ጥፍሬ ተነቅሎ እንደነበር ያወቅሁት ማታ ነው። መስመጧ የቆመ መሰለኝ።

«አሁን ሂጂ። ሰው ጥሪ» አለ።

«ትቼህ?»

«ብትቀመጪ... ምን ታደርጊልኛለሽ?»

እጄን ከእጁ አላቀቅሁና ሮጥኩ። የጎረቤቴ የእትዬ በቀለች በር ተቆልፏል። ቀጥሎ ያለው ግቢ ውሻ እንጂ ሰው የለበትም። ሦስተኛውም ዝግ ነው። እያንዳንዱን በር ስመታ በዚያች ቅጽበት ትንፋሹ ያቆመ ይመስለኛል፤ ወደ ኋላ ልመለስ እልና ደግሞ ወደፊት እሮጣለሁ። ሰው ሲፈራ ልቡ ይመታል ይባላል፤ የኔ ልብ ግን የቆመ ነበር የመሰለኝ፤ የሚሮጠው እግሬ ብቻ።

ከቁልቁለቱ ስር፣ ጫካው ከሚጀምርበት፣ ጋሽ ኃይሌ ከቤታቸው ታዛ ዝናብ እያሳለፉ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጋሽ ኃይሌ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የአገሬው ተወላጅ፣ ካፊቾ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ጫካ ገብተው ረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ፣ ማር ሲቆርጡ የኖሩ። አማርኛቸው አጭር ነው፤ ከሚበቃው በላይ አይናገሩም።

«መኪና... ደረጀን... ስር...» አልኳቸው።

«ይናገራል?»

«ይናገራል!»

«ጥሩ። ገመድ ልያዝ።»

«ገመድ ምን ያደርጋል ጋሽ ኃይሌ! እየሞተ ነው እኮ!»

ሰምተው እንዳልሰሙ ገቡ። ቀፎ ወደ ዛፍ የሚስቡበትን ወፍራም ገመድ ትከሻቸው ላይ ጠምጥመው፣ ከአጥራቸው አንድ ረጅም የወራጅ እንጨት መዝዘው ወጡ። ወራጁን ከኋላ ያዝኩላቸው። ዳገቱን ስንወጣ ከገበያ የሚመለሱ እትዬ በቀለችና ሌሎች ሦስት ሴቶች ገጠሙን። ነገሩን ሲሰሙ የያዙትን መንገድ ላይ ጥለው ተከተሉን።

ደረጀ ዓይኑን ጨፍኗል። ሴቶቹ «ዋይ!» ብለው ጀመሩ።

«ለቅሶ በኋላ» አሉ ጋሽ ኃይሌ ሳይጮኹ። ከዚያ ጭቃው ውስጥ ተንበረከኩ። «መምህር፣ አለህ?»

ትንሽ ቆየ። ለኔ ዓመት ነው።

«አለሁ» አለ።

ጋሽ ኃይሌ ግን መኪናዋን አልነኩም። ዞረው አዩዋት፤ አፍንጫዋ ወደ ቁልቁለቱ ነው። ገመዳቸውን ፈትተው የኋላዋን ከጓሯችን የአቮካዶ ዛፍ ጋር ማሰር ጀመሩ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ቋጠሮውን እየፈተሹ። አላስቻለኝም።

«እባክዎ ጋሽ ኃይሌ፣ እባክዎ እናንሳት!» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ቆይ ልጄ። ቀፎ ሳይሰቀል መጀመሪያ መውደቂያው ይታሰራል። ሳናስር ብናነሳት ወደፊት ሄዳ ትጨርሰዋለች።»

ቋጠሮውን ጨርሰው ወራጁን ከመኪናዋ ጎን አስገቡና ቀና አሉ። «አሁን ለወራጁ መደገፊያ። የማይሰነጠቅ እንጨት። ሙቀጫ የለሽም?»

«ሙቀጫዋማ መኪናው ስር ነው፤ ባሏ ወስዶባት የለም እንዴ» አሉ እትዬ በቀለች።

ማንንም ሳላይ ኩሽና ገባሁ። በርበሬውን መሬት ላይ ደፍቼ ሙቀጫዬን አንከባልዬ አመጣሁት። እትዬ በቀለች ሙቀጫውን አዩ፣ መሬቱ ላይ የተበተነውን የምስጥ እንጨት አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። አፋቸውን ሊከፍቱ ብለው ተዉት። ከሁሉም ፍርሃት የዚያች ሰከንድ ፍርሃት ሌላ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ይሞትብኛል ብዬም፣ ይታወቅብኛል ብዬም ፈራሁ። ሁለተኛውን በመፍራቴ ራሴን ጠላሁ።

ወራጁ ሙቀጫው ላይ ተጋደመ። ጋሽ ኃይሌ ሴቶቹን ጫፉ ላይ ደረደሩ። «እኔ ስል ተቀመጡ፤ እሷ ትጎትታለች።»

መጀመሪያ ሲጫኑት ወራጁ ተንሸራተተ። መኪናዋ ብድግ ብላ መልሳ ተቀመጠች። ደረጀ የጮኸውን ጩኸት አልጽፈውም። ከዚያ ዝም አለ።

«አሁን!» አሉ ጋሽ ኃይሌ።

አራቱ ሴቶች እንዳሉ ወራጁ ላይ ወደቁ። መኪናዋ እየተንቃቃች ከፍ አለች፤ ወደፊት ልትሄድ ስትል ገመዱ ተወጠረ፤ አቮካዶው ተንቀጥቅጦ የያዘውን ውሃ ሁሉ አራገፈብን። ቀበቶውን በሁለት እጄ ጨብጬ ሳብኩ። አልመጣም። እግሬን የመኪናዋ ብረት ላይ ደግፌ፣ እናቴን እየጠራሁ፣ ሳብኩ። ጭቃው ለቀቀውና ላዬ ላይ መጣ። ሴቶቹ ሲነሱ መኪናዋ ከኋላችን መሬቱን መታችው።

ትንፋሹ የለም። ደረቱ ላይ ጆሮዬን አደረግሁ፤ የምሰማው ዝናብ ነው። «ደረጀ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግሁህ» እያልኩ ፊቱን በጥፊ መታሁት። ሳል የሚመስል ነገር ከሆዱ ወጣ። ከዚያ እንደ ሕፃን ረጅም ትንፋሽ ሳበ።

በብርድ ልብስ ቃሬዛ አበጅተን የተሸከምነው እኛ ሴቶቹ ነን። ዋናው መንገድ ላይ ከገበያ የሚመለስ አይሱዙ አገኘንና ሆስፒታል አደረሰን። ሦስት የጎን አጥንትና የትከሻው አጥንት ተሰብሯል፤ ሳንባው ተርፏል።

ይህን ያህል ፈርቼ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ገና ነበር። ጠያቂ በመጣ ቁጥር «ጣውንትሽ ልትገድልልሽ ነበር» ይላል። እኔ አንገቴን ደፍቼ «አዎ» እላለሁ። ጥፋቱን ሁሉ መኪናዋ ተሸከመችልኝ። ጋሽ ኃይሌ ማር ይዘው መጥተው ተቀመጡ፣ ተነሱ፣ አንድ ቃል አልተናገሩም። እትዬ በቀለችም እንዲሁ። ደረጀ ዓይኑን ወደኔ ባዞረ ቁጥር አሁን ጠየቀኝ እያልኩ እደነግጣለሁ። ምግብ አልወርድ አለኝ። ባሌ እየዳነ እኔ መነመንኩ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ሾርባ ሳጠጣው፣ ማንኪያው ከእጄ ወደቀ።

«ግንዱን ያደረግሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «ዓርብ ለታ። ሙቀጫዬን አወጣሁና ከማገዶው አንዱን... አልነገርኩህም። ሲንቃቃም ሰምቼ ዝም አልኩ።»

ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ። ይፈታኛል ብዬ አሰብኩ። ቢፈታኝ እውነት አለው ብዬም አሰብኩ።

«አይቼዋለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ግንዱን። ስገባ አይቼዋለሁ። ሙቀጫው እንደተነሳ ገባኝ።»

«አይተህ ነው የገባኸው?»

«ልጠይቅሽ አሰብኩ። ከዚያ... ፉጨቴን ሰምተሽ ፈገግ ብለሽ ነበር። ከስንት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያሽ ነው። የሙቀጫን ነገር አንስቼ እንዳላበላሸው፣ አሥር ደቂቃ ነው፣ ይችላል ብዬ ገባሁ።»

እሱ ሲያለቅስ ጎኑን ስላመመው እጁን በላዩ አድርጎ ነበር ያለቀሰው። እኔ ግን እንደ ልቤ አለቀስኩ።

የምታነቡኝ ሰዎች፣ ምክር ለመስጠት አልተነሳሁም፤ የመከረኝን ግን ልንገራችሁ። «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን አደግን። የኔ ቤት ዝምታ ነቅዞ ነበር፤ ልጡ ያምር ስለነበር ሁለታችንም ደገፍነው። ጩኸት ሰው ይገድላል ብዬ እፈራ ነበር፤ ሰላማችን እንዳይደፈርስ ብለን የተውነው ነገር ነው ሊገድለን የነበረው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ጭቅጭቅ አለ፤ ጎረቤት እስኪሰማ እንጨቃጨቃለን። እትዬ በቀለች «እናንተ ሰዎች ምን ነካችሁ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ዳንን» አልኳቸው።

መኪናዋን አቃጥላለሁ ብዬ ዝቼ ነበር፤ አላቃጠልኳትም። ደረጀ አራት የብረት እግር አስበይዶ፣ ከስር በገባ ቁጥር እኔን አስፈትሾ፣ በሁለተኛው ዓመት ጨረሳት። የመጀመሪያው ቀን ሸራዋን ገልጠን ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው መንገድ ወጣን። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ፍጥነቷ ጨመረ፤ እጄ ሳላዝዘው በሩን ጨምድዶ ያዘ።

«ፈራሽ እንዴ?» አለኝ።

ድሮ ቢሆን «ምን ያስፈራኛል!» እል ነበር።

«አዎ። በጣም ፈርቻለሁ» አልኩት።

«እኔም» አለና ፍሬን ይዞ ቀስ አለ።